ስሜን የሚያነሳ ሰው

ባጅ የሚለጠፈው በቀኝ ደረት ላይ ነው። በግራ ለጥፎ የሚመጣ ሰው ገና ጀማሪ ነው። ሰው ሲጨብጥህ ዓይኑ ክንድህን ተከትሎ ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ስምህን ካገኘ ያነበዋል፣ ካላገኘ ፊትህን አይቶ ይረሳሃል። ጭማቂ የሚያዘው በግራ እጅ ነው፤ ቀኙ ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። አይበላም። አፉን በኬክ ሞልቶ ሳለ የትምህርት ቤቱ የቅበላ ኃላፊ ከፊቱ ድንገት የቆመበትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አያድርስ ነው። ጥያቄ ከቤት ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ አንድ ብቻ፣ መልሱ ድረ ገጻቸው ላይ የማይገኝ። ካርድ ሳይቀያየሩ መለያየት ነውር ነው። በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከማግስት ካለፈ ባይጻፍ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። የማስተርስ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አመልክቼ ስላልተቀበለኝ ነው። በመጀመሪያ ሙከራው የገባ ሰው እነዚህን ነገሮች የሚማርበት ጊዜ አያገኝም።

የምሠራው ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስፖንጅ ፈሳሽ ሆኖ ይፈስና እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ኩፍ ካለ በኋላ ግን ወዲያው አይደራረብም፤ ውጪው ቀዝቅዞ ውስጡ ገና እንደ ምድጃ ነው። ተነጣጥሎ፣ አየር በሚገባው ክፍል ያድራል። ተቻኩሎ አንዱን ባንዱ ላይ የጫነ ሰው መጋዘኑን ያነደዋል፤ አንድ ጊዜ ሊነድብን ሲል እኔ ነኝ በጭሱ ሽታ ነቅቼ ያስለየሁት። ያኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ ጥሎን ሲሄድ "ለጊዜው አንቺ ያዢው" ተባልኩ፣ ያዝኩት። ጊዜው አላልቅ ብሎ ይኸው ዛሬም ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ማሽን ሲቆም የምጠራው እኔ፣ ሠራተኛ ሲጣላ የምዳኘው እኔ፣ ደንበኛ ሲቆጣ የምሰደበው እኔ። የቢሮዬ በር ላይ ያለው ስም ግን እስከ ዛሬ የሄደው ሰውዬ ስም ነው። ማንም አላነሳውም፣ እኔም ኩራት ይዞኝ አልነካሁትም።

የፋብሪካውን ባለቤት ሠራተኛው በሌለበት "ስፖንጅ" እያለ ነው የሚጠራው፤ መጨረሻ የተቀመጠበትን ሰው ቅርጽ ስለሚይዝ። ጠዋት ከኔ ጋር ከተነጋገረ በኔ ሐሳብ ይውላል፤ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ከተነጋገረ በሷ ሐሳብ ያድራል። በዓመቱ መጀመሪያ ቢሮው ጠራኝና በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው። በሩን ራሱ ሲዘጋ ደግ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"እንግዲህ ሸሪኮቹም ባንኩም አንድ ነገር ነው የያዙት፤ ማስተርስ ያለው ሥራ አስኪያጅ አምጣ ነው የሚሉኝ" አለኝ። "ዘንድሮ ያ ትምህርት ቤት ከተቀበለሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ እየተማርሽ ትሠሪያለሽ። ካልተቀበለሽ ግን የባለቤቴ የእህት ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። እኔስ ምን ላድርግ?"

"እሱን ካመጡ እኔስ?"

"አንቺማ የት ትሄጃለሽ? መጋዘኑ አለ። እሱንም ታሠለጥኚዋለሽ።"

"የመጨረሻ ነው?"

"የመጨረሻ ነው፣ ልጄ።"

"ልጄ" የሚለኝ አንድ ነገር ሊወስድብኝ ሲል ነው። ስለዚህ ቁርጡን አወቅሁ። ዘንድሮ መግባት አለብኝ፤ አለዚያ ያስተማርኳቸው ልጆች እያዩኝ ወደ መጋዘን እወርዳለሁ፣ ስፖንጅና ጥጥ ለይቶ ለማያውቅ ጎረምሳም እንዴት ሥራ አስኪያጅ እንደሚኮን ሳሳየው እውላለሁ።

እቤት የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ካለፈች ወዲህ አሳዳጊዬም፣ አማካሪዬም፣ ነዝናዤም እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለአመልካቾች ለሚያዘጋጀው የትውውቅ ዝግጅት የምለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት እሱ ነው የሰፋልኝ። በየዓመቱ ይፈታዋል፣ በየዓመቱ ይሰፋዋል፤ አንድ ዓመት ትከሻውን ያጠብበዋል፣ አንድ ዓመት አንገቱን ይቀይረዋል። ኮቱ ላይ የቀረ የመጀመሪያው ጨርቅ መኖሩን እንጃ። አጎቴ አንድ እምነት አለው፤ መርፌ ጥርሱ መሃል ይዞም ይደጋግመዋል።

"ትምህርትሽ ደህና ነው፣ ሥራሽ ደህና ነው፣ ኮትሽም እኔ ስላለሁ ደህና ነው። አንቺ የጎደለሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ውስጥ ሆኖ ስምሽን የሚያነሳ ሰው።"

"እሱንማ ፍለጋ አይደል እንዴ በየዓመቱ የምንከራተተው፣ ጋሼ?"

"ፈልጊ። ስምሽን አንድ ሰው ካነሳው አለቀ።"

የዘንድሮው ዝግጅት የዋለው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ እንደ ወትሮው ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ። አዳራሹን እንደ ቤቴ ነው የማውቀው። ምንጣፉ ተረከዝ ይውጣል። ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ወንበር የላቸውም፤ ሰው ተቀምጦ አንድ ቦታ እንዳይረጋ ነው። ነጭ ባጅ ያለው አመልካች ነው፣ አረንጓዴ ያለው ከትምህርት ቤቱ የተመረቀ፣ ሰማያዊ ያለው የትምህርት ቤቱ ሰው። ነጮቹ ሰማያዊዎቹን ያሳድዳሉ፣ ሰማያዊዎቹ ፈገግ እያሉ ይሸሻሉ፣ አረንጓዴዎቹ ኬክ ይበላሉ። መብላት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ምን ቸገራቸው!

በሩ ላይ ሁለት ጠረጴዛ አለ፣ አንዱ የነጭ፣ አንዱ የአረንጓዴ። ወደ ነጩ ሰልፍ ልገባ ስል የአረንጓዴዋ ሴትዮ ከሩቅ አይታ በእጇ ጠራችኝ። በየዓመቱ በሩ ላይ የምትቆም፣ ስሜን ባታውቅም ፊቴን የለመደች፣ ሰላምታዋ የሞቀ ሴትዮ ናት።

"አንቺ ደግሞ! እዚያ ሰልፍ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ወዲህ።"

"እኔ እኮ ስሜ እዚያኛው ጋ ነው ያለው…"

"የለም፣ የለም፤ እናንተ መቼ ተመዝግባችሁ መጥታችሁ ታውቃላችሁ! በየዓመቱ ሳትቀሪ የምትመጪው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሎቹማ አንዴ ከተመረቁ በኋላ ስንለምናቸውም አይመጡ። ስምሽ ማን ነበር?"

ነገርኳት። በአረንጓዴው ባጅ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፈችው፣ ስሜን ብቻ። የአባት ስምና የመሥሪያ ቤት ስም የሚጻፈው በነጩ ላይ ነው፤ አረንጓዴዎቹ የቤት ልጆች ስለሆኑ ስማቸው ብቻ ይበቃል። ስሜ ደግሞ በየሰፈሩ ሁለት ሦስት ያለ ነው። ራሷ ከጠረጴዛው ዞራ መጥታ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። በግራ።

ልመልስላት ነበር። ይህን ስል ራሴን ለማሳመር አይደለም፤ እውነት ልመልስላት ነበር። ግን ከኋላዬ ሰው ገፋ፣ እሷም "ቀጣይ" አለች፣ እኔም አዳራሹ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። እዚያ ቆሜ ባጁን ልነቅለው ጥፍሬን ስከት አንድ ሰማያዊ ባጅ ያለው ሰው አጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ቆመ! ራሱ እጁን ዘረጋና "እንኳን ደህና መጣሽ፤ ስለመጣሽ እናመሰግናለን" ብሎኝ ሄደ። ስንት ዓመት በዚያ ምንጣፍ ላይ ስንከላወስ እጁን ቀድሞ የዘረጋልኝ ሰው አልነበረም። ባጁን ከግራ ነቅዬ ወደ ቀኝ አዞርኩት።

ሳልፈልግ አንድ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ፣ ሳልጠራቸው ነጮቹ ከበቡኝ። አንዱ የማታውን ትምህርት ይጠይቀኛል፣ ሌላው መምህራኑን። ስለ ትምህርት ቤቱ የማላውቀው ነገር ስለሌለ መለስኩ። ክፍሎቹን ሳልገባባቸው አውቃቸዋለሁ፤ በምሽት ሳልተኛ በድረ ገጻቸው ዞሬባቸዋለሁ። ሰዎቹ ሰምተው፣ ካርድ ሰጥተው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ቀረች። ባጇን በግራ ለጥፋለች። የጭማቂ ብርጭቆዋን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው።

"ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን አላውቅም" አለችኝ።

ሆዴ ባባ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ልክ እንደዚህ ነበርኩ፤ ብርጭቆዬን የቅበላ ኃላፊው ጫማ ላይ ነው የደፋሁት።

"መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ ግራ" አልኳት። "ባጁን ወደ ቀኝ። እንደሱ። አሁን ተንፍሺ።"

ተነፈሰች። ሳቀችም። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያስቁመኝ! በስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። የት መቆም እንዳለባት፣ ከማን መሸሽ እንዳለባት፣ ማንኛው መምህር ሲያወራ ማቋረጥ እንደማይወድ። የት ነው የሚሠሩት ስትለኝ ስለ ፋብሪካው ነገርኳት፤ ስለ ስፖንጁ፣ ሳይበርድ ስለመደራረብ፣ መጋዘኑ ሊነድ ስለደረሰበት ቀን። ማመልከቻዬ ላይ በየዓመቱ የምጽፈው ታሪክ ነው። በጽሑፍ ሳነበው ደረቅ ነው፤ ለልጅቷ ስነግራት ግን እኔንም ሞቀኝ።

"እኔ እንደዚህ ያለ ታሪክ የለኝም እኮ" አለች፣ ፊቷ ጠውልጎ።

"ታሪክ አይጠፋም። አሁን የምነግርሽን ግን ልብ ብለሽ ያዢው። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ 'ለምን እኛን መረጥሽ' ይሉሻል። ሁሉም ሰው 'ትምህርት ቤታችሁ ዝነኛ ስለሆነ' ይላል፤ ሰልችቷቸዋል። አንቺ ሰው ጥሪ። ማንን እንዳገኘሽ፣ የት እንደሚሠራ፣ ምን ብሎ እንደነገረሽ። በስሙ ጥሪው። ያኔ እውነትሽን እንደሆነ ያውቃሉ።"

"እርስዎን ብጠራስ?"

ይህን ጊዜ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ግን ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ልቤ ወከክ አለ። "ከፈለግሽ" አልኩና ካርዴን ሰጠኋት። ካርድ ሳይቀያየሩ መለያየት ነውር ነው ብያችኋለሁ። ስሜ እስከ አባቴ፣ የፋብሪካው ስም፣ "ተ/ሥራ አስኪያጅ"፣ ሁሉም አለበት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ እንደሚሰበር ነገር ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

እሷ ዞር ከማለቷ የቅበላ ኃላፊው ራሱ መጣ። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። በየዓመቱ ተሰልፌ ጨብጬዋለሁ። በየዓመቱ ነጩን ባጄን አንብቦ፣ "ጥሩ፣ ጥሩ፣ በርቺ" ብሎ፣ ዓይኑ ከኋላዬ ወዳለው ሰው ተሻግሯል። አሁን ግን አጠገቤ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አሳርፎ ቆመ፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው።

"ከሩቅ ሳይሽ ነበር" አለኝ። "ከልጅቷ ጋር። እንዳንቺ ያለ ተመራቂ ቢኖረን እኮ እኛ ቤታችን እንተኛ ነበር። የት ተደብቀሽ ነው?"

"ሥራ አይለቅም" አልኩ።

"ምን ላይ ነሽ?"

"ማምረቻ ላይ።"

"ጎሽ" አለና ኬክ አነሳልኝ። እሱም በላ፣ እኔም በላሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው፤ የቫኒላ ነበር፣ የተወራለትን ያህል አይደለም።

ከቤት ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነበረኝ፣ ስለ ምርት አስተዳደር ትምህርቱ፣ አጎቴ ፊት ስንት ጊዜ የተለማመድኩት። ጥዬው ሌላ ጠየቅሁ። "ሁለት እኩል የሆኑ ሰዎች ሲመጡባችሁ እንዴት ነው የምትለዩት?"

ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። "ለነዚህ አይነገርም፣ አንቺ የቤት ሰው ስለሆንሽ ነው። ማን ያመልጠናል ብለን ነው የምናየው። አሁን አንዲት ሴት አለች፣ ፍራሽ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ማመልከቻዋ ምንም አይወጣለትም፣ እውነቴን ነው። በየዓመቱ እዚህ ትመጣለች፣ በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ ትልክልኛለች። ደብዳቤዋን አዲስ ሠራተኛ ስንቀጥር 'ምስጋና እንዲህ ነው የሚጻፈው' ብለን እናስነብባለን። ግን ማመልከቻዋ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ አንዱ ይነሳና 'እሷ እንደሆነች አትቀርም፣ ከርሞም ትመጣለች፤ ይሄኛው ግን ዛሬ ካልያዝነው ሌላ ትምህርት ቤት ይወስደዋል' ይላል። በቃ፣ እናቆያታለን።"

"ማነው እንደዚያ የሚለው?"

ሳቀ። ደግ ሳቅ ነው ያለው። "አብዛኛውን ጊዜ እኔ።"

የተረፈኝን ኬክ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ተናደድኩ ማለት ያንሳል፤ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። በየዓመቱ ኮት ሳስፈታ፣ በየዓመቱ ሰልፍ ሳሳምር፣ ደብዳቤውን ስጽፍና ስደልዝ፣ ለካ በገዛ እጄ በሩን እየገፋሁ ስዘጋው ኖሬያለሁ። ባልመጣ ኖሮ ይወስዱኝ ነበር። ታማኝ ስለሆንኩ አስቀመጡኝ፣ ልክ እንደ ስፖንጅ፣ ይደር ተብዬ።

እኔ ነኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ያቺ ሴት እኔ ነኝ" ብዬ ፊቱን ማየት ነበር የምፈልገው። ግን ደረቴ ላይ ያለው ምንድን ነው? ያልተማርኩበት ትምህርት ቤት የምሩቅ ባጅ ነው። እውነቱን ብነግረው አጭበርባሪ ነኝ፤ ዝም ካልኩ ከርሞ የምትመጣዋ ሴት ነኝ።

"ዘንድሮስ መጣች?" አልኩት፣ ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ።

ቀና ብሎ አዳራሹን በዓይኑ ዞረው። "ይገርማል፣ አላየኋትም። ነጮቹን ሁሉ ጨብጫለሁ፣ የለችም። ሌላ ቦታ ገብታ ይሆን እንዴ?"

"ሰው መቼም ቆሞ አይጠብቅም" አልኩት።

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለ፣ ግንባሩ ተኮማትሮ። "እሷን ብናጣ ያሳፍራል። ሰኞ ማመልከቻዋን ቀድሜ ማየት አለብኝ።"

ከዚያ በኋላ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ደቂቃ አልቆየሁም። ባጁን ደረጃው ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። መንገድ ላይ እየሄድኩ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። ተናድጄም ነበር፣ አፍሬም ነበር፣ ግን ከሁለቱም በላይ ተስፋ አደረግሁ። አልመጣሁም ማለት ነው። በነሱ ዓይን ዘንድሮ አልመጣሁም።

በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ አልጻፍኩም። እጄን በላኝ፣ አልጻፍኩም። አጎቴ "ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?" ሲለኝ "ዘንድሮ የምጫወተው ሌላ ነው" አልኩት። የፋብሪካውን ባለቤት ከሚስቱ የእህት ልጅ ጋር ማምረቻው ውስጥ ሲዞር አየሁት። ጎረምሳው ገና ያልበረደ ስፖንጅ ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። "እዚያ ላይ አይደገፉም" አልኩት፤ "ለምን?" አለኝ፤ "ይሞቃል" ብዬው አለፍኩ።

ከዚያ ደወሉ። ከትምህርት ቤቱ፣ አንዲት ጨዋ ድምፅ። ለቃለ መጠይቅ ተመርጠሻል፣ ሐሙስ ጠዋት ነይ። በዚህ ሁሉ ዓመት እዚህ ደርሼ አላውቅም፤ ሁሌም የሚመጣልኝ ያችው አጭር ደብዳቤ ነበረች። ስልኩን ዘግቼ መጋዘኑ ውስጥ ገባሁና የታሸጉ ፍራሾች መሃል አለቀስኩ። እዚያ ሲያለቅሱ ድምፅ አይሰማም፤ ስፖንጁ ይውጠዋል።

ኃላፊው ቃለ መጠይቁ ላይ ቢኖርስ ብዬ አስቤያለሁ። ግን አልፈራሁም። በየዓመቱ ፊቴን አይቶ ያላወቀኝ ሰው አሁን ባጁ ሲቀየር በምን ያውቀኛል?

አጎቴ ዜናውን ሲሰማ ኮቱን እንደገና ፈታው። "ለቃለ መጠይቅ ሌላ ነው" አለ። "ተቀምጠሽ ስለሆነ የሚያዩሽ እጅጌው ማጠር አለበት።" ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ውስጥ መብራት ስር አቆመኝ፣ እጅጌውን በመርፌ ያያዝልኝ ጀመር። የፋብሪካው ባለቤትም ያን ዕለት በሩን ሳይዘጋ ነበር "ሐሙስ ነው አሉ፣ ግፊ" ያለኝ። ያን ቀን መጨረሻ የተቀመጥኩበት እኔ ነበርኩ መሰለኝ።

ስልኬ ጮኸ። አጎቴ እጄን ስለያዘው "ክፈቺና ጠረጴዛው ላይ አድርጊው" አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት።

"ያወቁኝ አይመስለኝም" አለ የሴት ልጅ ድምፅ፣ በደስታ እየተንቀጠቀጠ። "ብርጭቆውን ወደ ግራ ያሉኝ ልጅ ነኝ።"

"ውይ፣ ባለመነጽሯ! እንዴት ነሽ?"

"ዛሬ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ! ልክ እርስዎ እንዳሉኝ አደረግሁ። 'ለምን እኛን መረጥሽ' አሉኝ፣ እኔም ሰው ጠራሁ። እርስዎን ጠራሁ።"

አጎቴ መርፌውን እጅጌዬ ላይ እንደያዘ ቆመ።

"ምን ብለሽ?" አልኳት።

"ሁሉንም! ከእናንተ የተመረቁ ሴት አግኝቼ፣ ፍራሽ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ስፖንጁ ሳይበርድ እንዳይደራረብ፣ መጋዘኑ ሊነድ ሲል እንዴት እንዳዳኑት፤ እኔ እንደሳቸው መሆን ነው የምፈልገው አልኳቸው። ዝም አሉ፣ በጣም ተመስጠው። ከዚያ ረጅሙ ሰውዬ፣ ኃላፊው፣ 'ስማቸው ማን ነው?' አለኝ። ካርድዎን አወጣሁና ሰጠሁት። እስኪ ልያዘው አለ። ወጥቶ አንድ ፋይል ይዞ ተመለሰ፣ ፎቶ አሳየኝ፤ 'እኚህ ናቸው?' አለኝ። 'አዎ! እሳቸው ናቸው፣ አረንጓዴ ባጅ አድርገው ነበር' አልኩት።"

"እሺ" አልኩ።

"ምንም አልተናገረም፣ በጣም የተደሰተ መሰለኝ። እኔን ደግሞ ሲሸኘኝ 'አንቺ ሌላ ቦታ እንዳትሄጂብን' አለኝ! አሁን ቅድሚያ ማመስገን ያለብኝ እርስዎን ነው ብዬ ነው የደወልኩት። በማግስቱ ያሉኝን እስከ ነገ መጠበቅ አቃተኝ።"

ልጅቷ ምን አጠፋች? ያስተማርኳትን ነው የሠራችው፣ አንድም ሳታጎድል። ከኔ የተሻለ ነው የሠራችው። ብቆጣትም ለምን እንደምቆጣት ማስረዳት አልችልም።

"ጎበዝ ልጅ" አልኳት። "በጣም ጥሩ አድርገሻል። ነገ ለነሱም ጻፊላቸው፣ እንዳትረሺ።"

"እጽፋለሁ! እዚያ እንገናኛለን፣ እርስዎ መቼም አይቀሩ!"

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያየኛል። ከተናገረችው ውስጥ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እኔስ ምን አልኩሽ?" አለኝ። "ስምሽን አነሳችው! እዚያው ውስጥ፣ ኃላፊው ፊት! ስንት ዓመት አልኩሽ፣ አንድ ሰው ስምሽን ካነሳው አለቀ አላልኩሽም?"

"ብለኸኛል፣ ጋሼ።"

"በይ ቀጥ በይ። ነገ ልክ ሆነሽ ነው የምትሄጂው።"

ቀጥ አልኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ቁጥር ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። አጎቴም ቁጥሩን አይቶ በፈገግታ "አንሺው እንጂ" አለኝ። "መርፌው ይወጋኛል፣ ጨርስና እደውላለሁ" አልኩት። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ። እሱ ተንበርክኮ የእጅጌውን ጫፍ ለካ፣ አጠፈው፣ በመርፌ ያዘው፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎም አየኝ።

"አሁንስ?" አለኝ።

"አሁን ልክ ነው" አልኩት።